ሃያ ስድስተኛው ቁራጭ

ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በግራ በኩል ባለው በር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መስኮት ሥር የተቀመጠውን በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነው፤ ቀጥሎ ባለቤቲቱን። አንገቷ ላይ ቢጫ የጨርቅ ሜትር ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሜትር» ብሏት ቀርቷል። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በዕድሜዋ አንቱ ልንላት ይገባን ነበር፤ ግን አንቱ ያላትን ሁሉ «ምነው፣ ሳልሞት አታስረጁኝ እንጂ!» እያለች ስለምትቆጣ፣ እኛም ፈርተን አንቺ ብለናታል።

አርባ ዓመት የሰው ልብስ ሰፍታለች። የሰፋችውን ያህል ደግሞ ተርትራለች። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ልብሱን እጁ ካስገባ በኋላ እንኳ፣ እትዬ ሜትር ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ጠርዙን ካየችው አለቀለት።

«ይተርተር!»

«ኧረ እትዬ፣ ማንም አያየውም እኮ!»

«እኔ አየሁት፤ አይበቃህም?»

ሰውየው ሱሪውን መልሶ ያስረክባል። አንድ ሙሽራ ሠርጉ ላይ ሁለት ሰዓት ያረፈደው በዚች በአንዲት ቃል ምክንያት ነው ይባላል። እሷን ቢጠይቋት «ጠርዙ ተጣሞ ከሚያገባ አርፍዶ ያግባ» ትላለች።

ልጆቿ አራት ናቸው፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ትልቋ ከተወለደች ጀምሮ በየዓመቱ ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ ሰፍታላቸዋለች፤ ሁሉንም ከአንድ ጣቃ። «ያንተ በለጠ፣ ያንቺ አነሰ እንዳይባባሉ ነው» ትል ነበር። ከየጣቃው ክንድ በክንድ የሆነ ቁራጭ ለመጣፊያ ታስቀርና አልጋ ሥር ባለ የዱቄት ከረጢት ውስጥ ትጨምራለች። ይህ ልማድ የተቋረጠው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ የመጨረሻው ልጇ በአሥራ ስድስት ዓመቱ «እማዬ፣ ጺም እያወጣሁ ከእህቶቼ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ ይብቃኝ» ያለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱን የፈታው የለም።

ዘንድሮ ግን አራቱም ለበዓል እንመጣለን አሉ። አባታቸው ከተቀበረ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ አራቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው አያውቁም። እትዬ ሜትር ደስ ሲላት እጇን የምታስቀምጥበት ታጣለች። ስለዚህ ለእጇ ሥራ ፈለገችለት። እነዚያን ቁራጮች ገጣጥማ አንድ ትልቅ የበዓል ብርድ ልብስ ልትሠራ ተነሣች።

መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ለትልቋ ልጇ በስልክ ስትነግራት፣ ልጅቱ ሳቀች። «እማዬ፣ በዓል ዋዜማ ድሪቶ ልታለብሺን ነው?»

«ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ በይው። ንጉሥ ቢመኘው ግን አያገኘውም።»

ዕቅዱ በራሷ ውስጥ አልቆ ነበር። ልብስ የሰፋችው ለሃያ ስድስት ዓመት ነው፤ አንዱን ዓመት ስላልሰፋች ቁራጩ ሃያ አምስት ይሆናል። አምስት በአምስት ሲደረደር ልክ ይመጣል። አራቱ ማዕዘን ላይ ከቀይ ጨርቅ የተቆረጠ የበራ ሻማ ትለጥፋለች፤ ያየው ሁሉ የበዓል መሆኑን እንዲያውቅ። መሐሉ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ገበሩ ነጭ አንሶላ። የቸገራት የዙሪያው ጠርዝ ብቻ ነበር። ሦስት ሱቅ ዞራ፣ «ይሄ ሳስቷል፣ ይሄ ያብረቀርቃል» እያለች ባዶ እጇን ተመለሰች።

ያልሰፋችበት ዓመት የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ነው። ቀዶ ሕክምና ገብታ ሁለት ወር ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ በዓሉም እዚያው እንደተኛች አለፈ። ትልቋ አሥራ አራት ዓመቷ፣ ትንሹ አራት ዓመቱ። ልጆቼ የሰው ልጅ አዲስ ለብሶ ሲወጣ አሮጌ ለብሰው ዋሉ የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልወጣላትም። ለማንም አውርታው አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

የዚያ ዓመት ጣጣ ይህ ብቻ አልነበረም። ከሐኪም ቤት ስትመለስ የሳሎኑ መስኮት ራቁቱን ቆሟል። ነጩ መጋረጃዋ፣ በራሱ በነጩ ክር ቅጠል የተሸመነበት፣ በመጀመሪያው የስፌት ደሞዟ የገዛችው መጋረጃ የለም። ባሏ ፖስተኛ ነበር፤ ደግ፣ ነገር የሚፈራ ሰው። «ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር... ከገመዱ ላይ ወሰዱት መሰለኝ» አለ፣ ጫማውን እያየ። ጣሪያው ላይ ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ ሁለት ቤቶች በቀር የሚጠቀምበት አልነበረም። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው የፊት ለፊቷ ነው።

የፊት ለፊቷ ዳቦ ቤት የምትጋግር፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት ሴት ናት፤ «ባለዳቦዋ» ይሏታል። አሥር ዓመት ሙሉ የሁለቱ በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ባለዳቦዋ ከሥራ ስትመለስ ትኩስ ዳቦ ታቀብላለች፤ እትዬ ሜትር የልጇን ሱሪ ትጥፋለች። አንድ ሰሞን ስፌት ላስተምርሽ ብላትም ነበር፤ ባለዳቦዋ ግራኝ ናትና «እጅሽ ተገልብጦ ነው የተፈጠረው» ብላ ተስፋ ቆረጠች። ይህ ሁሉ ፍቅር በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈረሰ። እትዬ ሜትር የሆዷ ስፌት ሳይደርቅ ደረጃው ላይ ወጥታ፣ «ሌባ! ጎረቤት ነሽ ስልሽ ሌባ!» ብላ ጮኸች፤ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ተሰማ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ባለዳቦዋ በሯን ከፈተች። እሷን አየቻት፤ ከኋላዋ የቆመውን ፖስተኛም አየችው፤ በሯንም መልሳ ዘጋች።

ሃያ ሰባት ዓመት እንደተዘጋ ነው። አሁን ባለዳቦዋ ጡረታ ወጥታ፣ ሌላ ከተማ ወዳለው ልጇ ልትሄድ ነው ተብሏል፤ ዕቃ የሚጭነው መኪና ቅዳሜ ይመጣል፤ በዓሉ ከዚያ በኋላ በሳምንቱ። ካርቶኖች በሯ ላይ እየተደረደሩ ነው። «እሰይ፣ ተገላገልኩ» አለች እትዬ ሜትር። ግን በቀን አራት ጊዜ በበሯ ቀዳዳ እያየች ካርቶኖቹን ትቆጥራለች።

ሰኞ ጠዋት ከረጢቱን ፈታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ቁራጮቹን በየዓመታቸው ደረደረቻቸው፤ አንዱንም አልረሳችም። ቀይ ባለ ነጭ ነጠብጣብ፤ ሁለተኛዋ ልጅ ገና ከቤት ሳትወጣ ያልደረቀ ቀለም ላይ የተቀመጠችበት። ባለ ሰማያዊ መስመሩ፤ ፎቶ አንሺው አራቱን አይቶ «ከየትኛው ትምህርት ቤት ናችሁ?» ያላቸው። ቡናማው ደግሞ ጨርቁ ከመቆርፈዱ የተነሣ ልጆቹ ክንዳቸውን ሳያጥፉ የዋሉበት ነው፤ ትንሹ «እማዬ፣ በር ለበስኩ» ብሎ አልቅሶ ነበር። እየሳቀች ቆጠረች። ሃያ ስድስት።

ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው። ሃያ ስድስት። መነጽሯን ጠርጋ ሦስተኛ ቆጠረች። ሃያ ስድስት።

ትርፉን ለማግኘት አልቸገራትም። ጥቁር አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ጣቃ በሕይወቷ ገዝታ አታውቅም። ገዝቼ ረስቼው ነው እንዳትል፣ እሷ የጨርቅ ነገር አትረሳም፤ የልጆቿን የልደት ቀን ብትጠይቋት ነው የምትሳሳተው። ደግሞም አራቱም ጎን በእጅ ተዘምዝሟል። ለመጣፊያ የሚቀመጥ ቁራጭ ጠርዙን ማን ይዘመዝማል? ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ አየችው። የቀኝ እጅ ስፌት ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፤ ይሄኛው ወደ ሌላው ነው ያዘነበለው።

የግራኝ ስፌት። እትዬ ሜትር በዓለም ላይ የምታውቀው የግራኝ ስፌት አንድ ብቻ ነው፤ ለማስተማር የሞከረችው ራሷ ናት።

«እንዴ!» አለች ለብቻዋ።

ጨርቅ ሳታጥብ አትገጣጥምም፤ የሥራዋ ሕግ ነው። ቀለም የሚለቅ አንድ ቁራጭ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ሙቅ ውሃ በሳፋ አድርጋ አንድ በአንድ ነከረች፤ ሃያ አምስቱ ውሃውን አልቀየሩትም። አረንጓዴው ሲገባ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እንግዲህ ይህ ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የወጣ አይደለም፤ ሰው ቤት ውስጥ የነከረው ነው። አለቅልቃ ጨምቃ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ቀለሙ ሳሳ፤ ከቀለሙ ሥር የተሸመነ ነገር ብቅ አለ። ቅጠል። ከቅጠሉ ጎን ሌላ ቅጠል።

«መጋረጃዬ!»

ሳፋውን ረግጣ ወደ በሩ ሮጠች። ያዝኳት! ሃያ ሰባት ዓመት ያለ ማስረጃ የጮኽኩት ይኸው ማስረጃው፤ መጋረጃው የኔ፣ ስፌቱ የሷ! እጇ መቀርቀሪያው ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ግን አንድ ሐሳብ ያዛት። ከረጢቱ የኖረው የእሷው አልጋ ሥር ነው። ሌባ የሰረቀውን ጠርዙን ዘምዝሞ ለባለቤቱ ይመልሳል?

ብትናደድም የማወቅ ጉጉቷ ከንዴቷ ይበልጣል፤ ከልጅነቷ እንዲህ ናት። መቀርቀሪያውን ለቀቀች። ተመልሳ ተቀምጣ አገላበጠችው። የነገሩ ውል ጠፋባት። በመጨረሻ ስልኩን አንሥታ ለትልቋ ልጇ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ አረንጓዴ ልብስ ለብሳችሁ ታውቃላችሁ?»

ስልኩ ውስጥ ከኋላዋ አንድ ሰው የሳል መድኃኒት ሲጠይቅ ይሰማል።

«ማን ነገረሽ?» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ጨርቁ ነገረኝ። አንቺ ደግሞ የቀረውን ትነግሪኛለሽ።»

«እማዬ... አባዬ አስምሎን ነበር። ዓይናችንን ግንባር ያድርገው አስብሎ።»

«አባትሽ ሞቷል፤ ዓይንሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ። ተናገሪ።»

ተናገረች። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ትንሹ «የእኛ ልብስስ?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ፖስተኛው ልቡ አልቻለም። እጁ ያጠረው ሰሞን ነበርና መጋረጃውን አውርዶ ቆረጠው። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጦ ሁለት መርፌ ሰበረ፤ የሰፋው ሸሚዝ ራስ ማስገቢያው ተሰፍቶ ተደፍኖ፣ እጅጌው ሳይሰፋ ቀረ። የሠራውን አይቶ፣ ልጆቹ ፊት፣ አለቀሰ። ከዚያ ጨርቁን አቅፎ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳ። ባለዳቦዋ በሁለት ቀን ውስጥ አራት ልብስ በእጇ ሰፋች፤ ነጩ እድፍ እንዳያሳይ፣ ከመጋረጃ መሠራቱም እንዳይታወቅ፣ ጨርቁን አስቀድማ ዳቦ ቤቱ ጓሮ በርሜል ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ነከረችው።

«በዓሉን አዲስ ለብሰን ዋልን፣ እማዬ። ትንሹ ለሦስት ቀን አላወልቅም ብሎ እግሩ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። አባዬ መጋረጃውን መቅደዱን ስትሰሚ እንዳትናደጂ ብሎ ተሰረቀ አለሽ። ስታገግሚ ሊነግርሽ ነበር። አንቺ ግን በሦስተኛው ቀን ወጥተሽ ሌባ ብለሽ ጮኽሽ... ከዚያ ፈራ። እያደርም ከበደው።»

«እናንተስ?»

«ልጆች ነበርን። ካደግን በኋላ ደግሞ አፈርን።»

እትዬ ሜትር ስልኩን ዘጋች። ደስ አላት፤ ልጆቿ ያን ዓመት አሮጌ ለብሰው አልዋሉም ለካ። ወዲያው አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ቀጥላ በሟች ባሏ ተናደደች። ቁራጩን ከረጢቱ ውስጥ የጨመረው እሱ መሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ከየበዓሉ ልብስ ቁራጭ እንደምታስቀምጥ ያውቃል፤ አንድ ቀን ስትፈታው ታገኘዋለች ብሎ ነው። በአፉ ያልቻለውን በከረጢት። ዕድሜ ልኩን የሰው ደብዳቤ በየበሩ ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ የራሱን ፊት ለፊት ካለው በር እስከዚህ በር ማድረስ አቃተው። እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ዓይኑን አይታ ብትጠይቀው ይነግራት ነበር። አልጠየቀችውም። ጮኸች እንጂ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሊያሸንፋት ደርሶ ነበር። ቆሻሻ ልጣል እያለች ሦስት ጊዜ ወጣች፤ ሦስተኛው ላይ የምትጥለው ስላልነበራት ባዶ ቅርጫት ይዛ ወረደች። ባለዳቦዋ ጀርባዋን ሰጥታ ካርቶን በፕላስተር ታሽጋለች። ቅዳሜ ትሄዳለች፤ ከሄደች ደግሞ ከዚህ ሕንፃ ይዛው የምትወጣው ስም ሌባ የሚለውን ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባለ ያደገች ሴት ይህን ማስታወስ አያቅታትም። ረቡዕ ረፋዱ ላይ አረንጓዴውን ቁራጭ ይዛ ፊት ለፊቷ ያለውን በር አንኳኳች።

«መኪናው ቅዳሜ ነው ያልኩህ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። ባለዳቦዋ ማን እንደቆመ ስታይ እጇ እጀታው ላይ ቀረ። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። እትዬ ሜትር ቁራጩን ዘረጋችላት።

ባለዳቦዋ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «አስቀምጦታል እንዴ!» አለች ቀስ ብላ። «ቁራጭ ስጪኝ፣ ለእሷ ላሳያት ሲለኝ፣ እንዳይተረተር ዘምዝሜ ሰጠሁት። ዛሬ ያሳያታል፣ ነገ ያሳያታል እያልኩ ጠበቅሁ።»

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሐኪሙ አታስቆጧት ብሏል፤ ሆድሽ ገና አልደረቀም። ከዳንሽ በኋላ ደግሞ ተናደድኩ። አሥር ዓመት ዳቦዬን በልታ ሌባ ካለችኝ፣ ራሷ ትድረስበት አልኩ።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።»

«ድሮም ቀርፋፋ ነሽ።»

እትዬ ሜትር ወለሉን እያየች፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች።

«አልሰማሁሽም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

«ሌባ ስትይኝ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል» አለች ባለዳቦዋ። «በሬ ላይ ቆመሽ በሹክሹክታ ይቅርታ የምትይኝ ግን ለምንድን ነው?»

እውነቷን ነው። እትዬ ሜትር ዞረች። የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉሮሮዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም የቻለችውን ያህል ጮኸች።

«ስሙኝ! ባለዳቦዋ ሌባ አይደለችም! መጋረጃውን የቀደደው ባሌ ነው! እሷ ልጆቼን ያለበሰች ናት! ስሟን በሐሰት ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

በሮች ተከፈቱ። ከታች አንድ ሰው ምን ነካት አለ። ከአምስተኛ ፎቅ ጡረተኛው መምህር አንገታቸውን አስግገው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ለመናገር ነው ሃያ ሰባት ዓመት? እኛማ መች አምነንሽ እናውቃለን!» አሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሕንፃው ስለ እሷ ሲያወራ የኖረውን ያኔ ነው የሰማችው። ባለዳቦዋ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፤ እትዬ ሜትርም አቅፋት አብራት አለቀሰች፤ ሜትሩ በመሐላቸው ተጨፈለቀ።

ገቡ። ባለዳቦዋ ያሸገችውን ካርቶን በቢላ ቀድዳ ከሥሩ አንድ የታጠፈ ጨርቅ አወጣች። አረንጓዴ ነው፤ ሦስት ሜትር ይሆናል።

«የተረፈው ይኸውልሽ። ያን ቀን ፖሊስ ይዘሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ለምን አልጣልሽውም?»

«ያንቺ ነዋ። የሰው ዕቃ ይጣላል?»

እትዬ ሜትር ጨርቁን ዳበሰችው። ወፍራም ነው፤ አያብረቀርቅም። ሦስት ሱቅ ዞራ ያጣችው የዙሪያ ጠርዝ ይህ ነው። በሆምጣጤና በጨው ዘፍዝፈው ቀለሙን አስያዙት፤ አሥር ጊዜ አለቀለቁት፤ ሐሙስ ጠዋት ውሃው ንጹሕ ሆነ፤ እስከዚያ እትዬ ሜትር ሃያ አምስቱን በስፌት መኪናዋ ገጣጥማ፣ ሻማዎቹንም ለጥፋ ጨርሳ ነበር። ሃያ ስድስተኛውን ቁራጭ ከሃያ አምስቱ ጋር ለመጨመር ቦታ አልነበረውምና እሱንም ከጠርዙ ጋር ቀጠሉት። ከዚያ ብርድ ልብሱን በሁለቱ ጉልበት ላይ ዘርግተው፣ ከአንድ ማዕዘን ተነሥተው፣ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ዙሪያውን በእጅ መስፋት ጀመሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ያልተወራ ነገር ብዙ ነው፤ እጃቸው ከአፋቸው እኩል መሄድ አልቻለም።

«ለበዓሉ ትመጫለሽ» አለች እትዬ ሜትር ሐሙስ ማታ፣ ጥያቄ ሳታስመስለው።

«በሄድኩ በሳምንቱ?»

«አራቱም ይመጣሉ። ያለበስሻቸው ልጆች ናቸው እኮ።»

ባለዳቦዋ ክር በጥርሷ በጠሰች።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መርፌዎች ሻማው ባለበት በመጨረሻው ማዕዘን ተገናኙ። ባለዳቦዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችና ፊቷ ተኮሳተረ። ከአንድ በኩል የመጣው ስፌት ወደ ቀኝ፣ ከሌላው የመጣው ወደ ግራ አዘንብሎ፣ መገናኛው ላይ የሁለት ሰው እጅ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። እትዬ ሜትርን ደግሞ ታውቃታለች። ሳትባል በፊት መቀሱን አነሣች።

«ያስጠላል አይደል? የኔን በኩል ልተርትረው፤ አንቺ ጨርሺው።»

እትዬ ሜትር ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ጠርዙን ብዙ አየችው። ከዚያ መቀሱን ከባለዳቦዋ ግራ እጅ ላይ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«አይተርተር» አለች።